ከሙን ዘርቼ ዝናብ የፈራሁበት ሳምንት

ዝናብ ፈርታችሁ ታውቃላችሁ? ይህን ጥያቄ ጅጅጋ ገበያ መሐል ቆማችሁ ብትጠይቁ ሰው ጤንነታችሁን ይጠራጠራል። በእኛ አገር ዝናብ የሚፈራ የለም። እንግዳ ሲገባ ዝናብ ከጣለ «እግረ እርጥብ ነው» ተብሎ ይከበራል፣ ሙሽራ ስትገባ ካካፋማ እልልታው ሌላ ነው። እኔ ግን ሰማይ ሰማይ እያየሁ «ያ ረቢ፣ አደራህን፣ አሁን አታዝንብ» ያልኩበት ሳምንት አለ። ዓመታት አልፈውታል፤ ሳወራው ግን አሁንም ድምፄ ይቀየርብኛል።

ሰዓዳ እባላለሁ። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚሁ የቀረ ነጋዴ ነበር፣ እናቴ የሐረር ልጅ ናት። ቤታችን አማርኛ፣ ደጃችን ሶማሊኛ ነው። ገበያ ውስጥ ትንሽ የቅመም ሱቅ ነበረችኝ፣ አሁንም አለችኝ። ሄል፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ከሙን እሸጣለሁ። ከሁሉም በላይ የሚሄደው ከሙን ነው። ከሙን የሌለው ሩዝ ለጅጅጋ ሰው አቅርባችሁ እስቲ ፊቱን እዩት! ያ ሁሉ ከሙን ደግሞ ከባሕር ማዶ ተጭኖ በርበራ ወደብ ይራገፍና በውጫሌ ድንበር በኩል ይመጣል። ጥቂቱ ቀረጥ ከፍሎ ይገባል፤ የእኔ ዓይነቱ ነጋዴ የሚሸጠው ግን በጫካ ዞሮ የሚገባውን ነው። በጫካ የሚያመጣልኝ ባሌ ጀማል ነበር።

ድርቁ ከመጥናቱ በፊት በነበረው ዓመት ጀማል የተሳፈረበት አይሱዙ ከፈታሾች ሲሸሽ ገደል ገባ። ሹፌሩ እዚያው ቀረ። ጀማልን ከጆንያ ስር ጎትተው አውጥተው በቃሬዛ ቤቴ አመጡልኝ። ልጆቼ አባታቸውን እንደዚያ ሆኖ አዩት። እግሩ ሲጠገን አጠረ፣ ከዚያ ወዲያ እንዳነከሰ ቀረ። እኔም «ሱቋ ትዘጋ እንጂ ሁለተኛ እዚያ መንገድ ላይ አትወጣም» አልኩ። ማለቱ ቀላል ነው። ሱቋ ከተዘጋ ምን እንበላለን?

ታዲያ አንድ ቀን ሙሉቀን የሚባል ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የግብርና ባለሙያ ቅመም ሊገዛ መጣ። ከሙኑን መዳፉ ላይ አድርጎ ሲያሸት ቆየና፣ «ይሄ እኮ እዚሁ ይበቅላል» አለኝ።

«ሞኝህን ፈልግ!» አልኩት።

«የምሬን ነው። ደረቅ ቀንና ቀዝቃዛ ሌሊት ነው የሚወደው። ከጉድጓድ ትንሽ ውሃ ካገኘ ሌላ አይጠይቅም። በበጋ ጅጅጋ ላይ ከዚህ ሌላ ምን አለ?»

እሱ ከሄደ በኋላ፣ ነገሩ አልለቅ ብሎኝ፣ ለሽያጭ ከያዝኩት ከሙን አንድ ጭብጥ በወተት ጣሳ ዘራሁ። በቀለ! ቅጠሉ እንደ ክር የቀጠነ፣ ለዓይን የሚያሳሳ ነገር። ለጀማል ሳሳየው፣ «ላም አለኝ በሰማይ» ብሎ ሳቀብኝ። በኋላ ግን ሳቁን ተወና እንዲህ አለ፦ «ወላሂ ሰዓዳ፣ ይሄ ከሙን በጆንያ ከገባልሽ ያንን መንገድ ትቼዋለሁ። ካልገባ ግን አታስቸግሪኝ። ልጆች እየራባቸው ቤት አልቀመጥም።» ተስማማን። እንግዲህ እዚያ ማሳ ላይ የዘራሁት የባሌን ነፍስ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

መሬቱን የሰጠን አደር ዋርሳሜ ነው። አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ትልቅ ሰው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራው። ፋፈን ወንዝ ዳር ከብት የሚያረባ፣ የጉድጓድ ውሃ ያለው፣ ቀልድ የማያልቅበት ሽማግሌ ነበር። የክረምቱ ዝናብ ቀርቶ በቆሎው ስለጠፋ ማሳው ባዶውን ነበር። ኪራይ ስንለው ተቆጣ። «ሃሊማን ከሙን እንዳታሳጧት ብቻ» አለን። ሃሊማ ሚስቱ ናት፤ እኔ ኤዶ እላታለሁ፣ አክስቴ እንደማለት።

ከሙኑ አማረ። አበበ፣ ፍሬ ያዘ፣ ፍሬው ሞላ። ጠዋት ማሳው ውስጥ ስትገቡ ሽታው ልብስ ላይ ይቀራል። በዚያው ልክ ግን አገሩ እየሞተ ነበር። ሬዲዮው ጠዋት ማታ ኤልኒኖ፣ ኤልኒኖ የሚልበት ዓመት ነው። በየመንገዱ ዳር ከብት ወድቆ ይታይ ነበር። የአደር ዋርሳሜ በረት፣ ስንገባ ሞልቶ ያየነው፣ አራት ላም ብቻ ቀረው። የእኛን ከሙን የሚያጠጣው ጉድጓድ ስላለ ላሞቹን ውሃ አላነሳቸውም፤ ያጡት ሣር ነው። ሣር ደግሞ ያለ ዝናብ አይመጣም።

ሰኞ ዕለት ከቀትር ሰላት በኋላ በመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ተነገረ። ሮብዶን ሊደረግ ነው፤ ሕዝቡ ሜዳ ወጥቶ ዝናብ የሚለምንበት ሥርዓት ነው። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ይፆማል፣ የተጣላ ይታረቃል፣ የሰው ሐቅ የያዘ ይመልሳል፣ ዓርብ ጠዋት ሰው ከነከብቱ ይወጣል። እኔም ከሴቶቹ ጋር «አሚን» አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ወቅቱ የበጋው መሐል ስለሆነ ልመናው ለበልጉ ዝናብ መስሎኝ ነበር። የእኔ ከሙን እስከዚያ ጆንያ ገብቶ ያልቃል።

ረቡዕ ነፋሱ ተቀየረ። ከካራማራ ተራራ ጀርባ ደመና ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። ሱቅ በር ላይ ያለው ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ ሲያይ፣ ስልኬ ጮኸ። ሙሉቀን ነው።

«ከሙኑ ምን ላይ ደረሰ?»

«ፍሬው ሞልቷል። አንድ ሳምንት ቢያገኝ ይበቃዋል።»

«ሳምንት የለሽም እቴ። ዝናብና ደመና ከተጫነው ይጠቁራል። የዚህን ተክል አመሉን ነግሬሻለሁ፤ ደህና ያደረ ማሳ በማግስቱ የተቃጠለ ይመስላል። አሁኑኑ ንቀይው። ትንሽ እርጥብ ቢሆንም ግድ የለም፣ በስሱ አስጥተሽ ሸራ ስር አድርቂው። ብቻ እንዳትከምሪው፣ ከተከመረ ይግላል።»

ከሙን ደግሞ በፈለጉት ሰዓት አይነቀልም። ጤዛው ሳይደርቅ በማለዳ ካልሆነ ፍሬው እየረገፈ መሬት ይበላዋል። ስለዚህ የቀረኝ ሐሙስ ማለዳ ነው፤ ዓርብ ሮብዶን ነው። ብዙ እጅ ያስፈልገኛል። ሲያርሙልን የነበሩትን የአደር ዋርሳሜን ዘመዶች ፍለጋ በባጃጅ ከነፍኩ። ዋናቸው ማሃድ የሚባል የወንድሙ ልጅ፣ ትዳር የያዘ ጎልማሳ ነው። ጉድጓዱ ጋ አገኘሁት።

«ማሃድ፣ ነገ ማለዳ ሰዎችህን ይዘህ ድረስልኝ። ዝናቡ ሳይመጣ እንንቀለው።»

አየኝ። እንዴት እንዳየኝ! «ሰዓዳ፣ ዓርብ ዝናብ ልንለምን ሐሙስ ዝናብ ፈርተን ሰብል ልናሸሽ? በአንድ እጅ ና፣ በአንድ እጅ ቆይ ማለት ነው እኮ።»

«ኧረ እኔ ዝናብ አልጠላሁም! ተክሉ ነው።»

«እኔ ይገባኛል። ሰው ግን ምን ይላል? ዝናቡ ቢቀር፣ እነዚያ ናቸው ያስቀሩት ይሉናል። ከዓርብ ጸሎት በኋላ የፈለግሽውን ያህል እንሠራልሻለን።»

«ከዓርብ በኋላማ ለማን ነው!» ብዬ ጮህኩበት። ግን አልተሳሳተም። በዚያ ሳምንት ዝናብ አልፈለገም ተብሎ የተጠረጠረ ሰው ያንን ሰፈር ቢለቅ ይሻለዋል።

እየተብከነከንኩ አደር ዋርሳሜ ቤት ሄድኩ። ከኤዶ ሃሊማ ጋር ሆነው አንዲት ላም ሲያነሱ ደረስኩ። የከሳ ከብት ከተኛ ራሱን ችሎ አይነሳም፤ አንዱ በቀንዷ፣ አንዱ በጅራቷ ይዞ ካላቆማት በተኛችበት ትቀራለች። ጎኗን ደግፌ አብሬያቸው ገፋሁ። አጥንቷ እጄ ላይ ይቆጠር ነበር። ቆመች። አደር ዋርሳሜ ላቡን ጠረገና፣

«ማሃድ እምቢ አለሽ?» አለኝ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል።

«አዎ፣ አደር።»

«ዝናብ ከመጣ ያ ተክል ምን ይሆናል?»

ሚስቱ ታየኛለች፣ ላሟ እግሯ እየተንቀጠቀጠ ቆማለች። እንዲህ ባለ ቤት በር ላይ ቆሞ ምን ይባላል? «ይሞታል» አልኩት።

«አስተግፊሩላህ» አለች ኤዶ ሃሊማ በቀስታ።

«አደር፣ ላሞችህን እያየሁ ዝናብ ይቅር ብል አላህም አይወደውም። ግን ከሙኑ ካልገባ ጀማል ወደዚያ መንገድ ይመለሳል። በዚህ እግሩ! እኔ የምፈራው እሱን ነው።» ሳላስበው እንባዬ መጣ።

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ፣ «እኔ ላሜን እለምናለሁ፣ አንቺ ባልሽን ትለምኛለሽ። ጌታችን አንድ ነው፣ እሱ ይለየው» አለና ተነሳ። «ነገ ማለዳ ማሳው ላይ ጠብቂኝ።»

«አደር፣ ፆመኛ ነህ። ደግሞ በዚህ ዕድሜህ…»

«ዕድሜዬን ማን ጠየቀሽ?» አለኝ ሳቅ ብሎ። «ነገ ወገብሽን ይዘሽ ስትቀመጪ እናወራለን።»

ሐሙስ ማለዳ እኔ፣ ጀማልና አደር ዋርሳሜ ሦስታችን ብቻ ገባንበት። ማሃድ ከሩቅ ቆሞ አየንና አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እንነቅላለን፣ እናስራለን፣ እንሸከማለን። ጀማል እግሩን እየጎተተ አንዴም አላረፈም። አደር ዋርሳሜ በፆም አፉ እየቀለደ፣ «ሰዓዳ፣ ይሄን ያህል ለፍቼ ሩዜ ላይ ብትቆጥቢብኝ እንጣላለን» ይለኛል። ፀሐይዋ ስትከር ፍሬው መርገፍ ጀመረና አቆምን። ከማሳው ገሚሱ አልተነካም። የነቀልነውን ሜዳ ላይ አሰጣነው። ጀማል ያለችንን አንዲት ትልቅ ሸራ አዘጋጀ። ገሚሱም ቢሆን ከገባ ለዓመት ያቆመናል እያልን ተጽናናን።

ዓርብ ጠዋት ሜዳው በሰው ተሞላ። ወንዶቹ ኩታቸውን ገልብጠው ለብሰዋል። ጥጆች ከእናቶቻቸው፣ ግልገሎች ከፍየሎቹ ተለይተው ወዲያና ወዲህ ቆመዋል፣ አንዱ ሌላውን እየተጣራ ይጮኻል። እንዲህ የሚደረገው አላህ ለነሱም እንዲራራ ነው። ሩዝ ለሚበስልበት በርሜል የሚያህል ድስት የሱቄን የመጨረሻ ከሙን ይዤ ሄጄ ጨመርኩት። ኢማሙ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሲያለቅስ ሕዝቡ «አሚን!» ይላል። አጠገቤ ኤዶ ሃሊማ በጉንጯ እንባ እየወረደ «አሚን» ትላለች። እኔም አልኩ። ምላሴ አሚን ይላል፣ ሆዴ እስከ ነገ አቆይልኝ ይላል። እንዲያ ያለ ጭንቅ ጠላቴንም አይግጠመው።

ምግቡ ተበልቶ ሳያልቅ ሰማዩ ጠቆረ። ወዲያው ጠብ፣ ጠብ ማለት ጀመረ። አቤት ያን ጊዜ የነበረው እልልታ! ሰው እየተቃቀፈ ያለቅሳል። አደር ዋርሳሜ በሰው መሐል ሰንጥቆ ወደ እኔ መጣ፣ ፊቱ ሁሉ ሳቅ ነው።

«ነይ ሰዓዳ፣ ሰምቶናል! ከሙንሽን እናስገባ!»

«አደር፣ አንተ ወደ ላሞችህ ሂድ።»

«ላሞቼ የጠየቁት ዝናብ ነው፣ መጣላቸው። የሚቸኩለው ያንቺ ነው።»

ማሃድና ዘመዶቹም በደስታ እየዘለሉ ተከተሉን። «ከጸሎት በኋላ አላልኩሽም?» ይለኛል። ጸሎቱ ስላለቀ ነውሩ ተነስቷል፤ አሁን ማንም ምንም አይላቸውም። እነዚህ ሁሉ የአንድ ቤት ወንዶች ናቸው፣ ሁሉም እኔ ማሳ ላይ ናቸው። ሽማግሌው ላሞቹን ለማሰር ኤዶ ሃሊማን ብቻዋን ወደ ቤት ላካት።

የነቀልነውን ሰብስበን ሸራውን አለበስነው። ለማስጣት ቦታም ጊዜም ስላልነበረ ከመርነው። ያን ጊዜ ነው ከካራማራ በኩል ያ ነፋስ የወረደው። ዝናቡ በረዶ ቀላቀለ። ጥርሳችን መንገጫገጭ ጀመረ። ሳቁ ሁሉ ጸጥ አለ። እያንዳንዳችን ምን እንዳሰብን አላውቅም፣ እኔ ግን ከትናንት ወዲያ እጄ ላይ የተቆጠረው የላሟ አጥንት ትዝ አለኝ።

ኤዶ ሃሊማ በጭቃው ውስጥ ባዶ እግሯን እየሮጠች መጣች። «ዋርሳሜ! ተኙ! ሁሉም ተኙ፣ ማንሳት አቃተኝ!»

ሮጥን። አራቱም በረቱ ጭቃ ውስጥ ተዘርግተዋል። ቀንድና ጅራት ይዘን አንዷን እናቆማለን፣ ልክ ስንለቃት ትወድቃለች። እሳት ለማንደድ ሞከርን፣ እንጨቱ ርሷል። «የሚለበስ! የሚለበስ ነገር!» ይላል አደር ዋርሳሜ። ኩታውን አውልቆ አንዷ ላይ ጣለ። ዞር ስል ጀማል የለም። ትንሽ ቆይቶ እያነከሰ መጣ፣ ያቺን ሸራ በትከሻው ተሸክሞ። ከሙኑ ላይ ገፎ ነው ያመጣት።

አየኝ፣ አየሁት። ሁለታችንም ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። «ተው» ልለው እችል ነበር። ሄጄ የሸራውን አንድ ጫፍ ያዝኩለት። ላሞቹን አለበስናቸው፣ ጀርባቸውን በጆንያ አሸናቸው፣ ሽማግሌው ጆሯቸው ስር እየዘመረላቸው ነበር። መሽቶ ወደ ልጆቼ ስሄድ ከላሞቹ ሁለቱ ገና ይተነፍሱ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ስሄድ አንዷም አትተነፍስም። አደር ዋርሳሜ በረቱ በር ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ሸራሽን ውሰጂ» አለኝ።

«አደር…»

«ለመንነው፣ ሰጠን። ሌላ ምን እላለሁ?» ከዚያ በኋላ ሲቀልድ ሰምቼው አላውቅም።

የከመርነው ከሙን ሲበተን ይጤሳል፣ የበሰበሰ ሣር ይሸታል። ማሳው ላይ የቀረው ሁለት ቀን ሳይሞላው ጠቆረ። ሙሉቀን መጥቶ አየና ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ዝናቡም በዚያው ቀረ። ሣር ጣት ታህል ብቅ ብላ ፀሐይ መልሳ አቃጠለቻት። ያ ሁሉ ሰው ያለቀሰበት ዝናብ ለማን እንደመጣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ለከሙኑም ለላሙም አልሆነ።

አሁን ሱቅ መጥተው «ለምን እዚሁ አናመርተውም፣ እስከ መቼ ከውጭ?» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። እውነት ነው፣ ይበቅላል፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ። አልከራከራቸውም። እናንተም ሞክሩት፣ ይቅናችሁ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን ዘርግቼ በስሙ ጠርቼ የምለምነው ነገር የለም። «አንተ ታውቃለህ» ብዬ እነሳለሁ። ሰዎች ይህን እምነት ነው ይሉኛል። እምነት አይደለም፣ ፍርሃት ነው።

ጀማል ቃሉን ጠበቀ፣ እኔም ቃሌን። አላስቸገርኩትም። አይሱዙው በር ላይ ሞተሩን እያሰማ ጫማውን ሲያስር ቆሜ አየሁት። ሱቄ ውስጥ የከሙን ዕቃው ባዶ ነበር፣ የመጨረሻውን በሮብዶኑ ድስት ውስጥ ጨምሬዋለሁ። ደንበኞቼ ደግሞ ሲጠይቁኝ ሰንብተዋል።

«ምን ላምጣልሽ?» አለኝ።

«ከሙን» አልኩት።

በዚያ ጉዞ ጀማል አልተመለሰም። ሲመለሱ ፈታሾች እንደገና አባረሯቸው፣ እሱ በዚያ እግሩ ወርዶ መሮጥ አልቻለም አሉኝ። እዚያው በመንገድ ቀበሩት። አደር ዋርሳሜ ለቅሶ መጥቶ ሦስቱንም ቀን ተቀመጠ። በሳምንቱ ከሌላ መኪና ላይ አንድ ሰው በጀማል እጅ ስሜ የተጻፈበት ጆንያ አውርዶ በሬ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ። ከሙን ነው። ደረቅ፣ ንጹሕ፣ ደህና ከሙን።

ሸጥኩት። ምን ላድርግ፣ ልጆች አሉኝ።